የጓሮዬ የፒካን ዛፍ፦ በረከቱና መዘዙ

 

ዛሬ ስለ ግፊት ኪኒን ወይም ስለ ስኳር ምርመራ አላወራችሁም። ስለ አንድ ዛፍ ነው የማወራችሁ። ገጹን የአትክልተኛ ገጽ አላደረግኩትም፣ አትስጉ። ልቡም፣ አጥንቱም፣ አለርጂውም እዚሁ ዛፍ ስር ተሰብስበው ስላገኘኋቸው ነው።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ቤታችንን ስንገዛ ጓሮው ውስጥ ከጣሪያው በላይ የሚሄድ ትልቅ የፒካን ዛፍ ቆሞ ነበር። እዚህ አካባቢ ብዙ ሐበሻ ስላለ ከእናንተም መካከል እንዲህ ዓይነት ዛፍ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ፍሬው በሚወድቅበት ሰሞን የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም ይሄንኑ ይመሰክራሉ። «ዶክተር፣ ጓሮዬ የወደቀውን መብላት ይቻላል?» «ኮሌስትሮል አለብህ ተብያለሁ፣ ይሄ ደግሞ ቅባት ነው፣ ልተወው?» «ልጄ በልታ ከንፈሯ አበጠ፣ ምንድን ነው?» «ዛፉን ላስቆርጠው ወይስ ይቆይ?» ዛሬ ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

ብዙዎቻችን ቅርፊት ያለውን ፍሬ ሁሉ በደፈናው «ለውዝ» እንላለን። አንዱ ለውዝ ሲል ኦቾሎኒ ማለቱ ነው፣ ሌላው አልሞንድ ማለቱ ነው። ለወሬ ችግር የለውም፤ ለጤና ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኦቾሎኒ የባቄላና የአተር ወገን ነው፤ ፍሬው የሚያድገው አፈር ውስጥ ነው። ፒካን ግን የዛፍ ፍሬ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም ዋልነት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ አለርጂ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ፒካን የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ዛፍ ነው። ስሙም ከአገሬው ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ሲሆን «በድንጋይ የሚሰበር ፍሬ» እንደማለት ነው። የቀድሞው የቴክሳስ ገዥ ጄምስ ሆግ በ1906 ከመሞታቸው በፊት፣ መቃብሬ ላይ የድንጋይ ሐውልት አታቁሙ፤ ከራስጌዬ ፒካን፣ ከግርጌዬ ዋልነት ትከሉ፤ ፍሬውንም ለተራው ሕዝብ አድሉት ብለው ነበር። በ1919 ደግሞ ፒካን የቴክሳስ ግዛት ዛፍ ተባለ።

ሌላም ታሪክ አለው። ዛሬ ገበያ ላይ ለምናገኘው ጥሩ ፒካን መንገዱን የጠረገው ሉዊዚያና ውስጥ በባርነት ይኖር የነበረ አትክልተኛ ነው። በ1840ዎቹ ከምርጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ እንዲያፈራ አደረገው። ከዚህ ሥራ የወጣው ዝርያ በ1876 ፊላዴልፊያ በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ተሸለመ። ይህን ሰው ታሪክ የሚያውቀው «አንትዋን» በሚለው አንድ ስሙ ብቻ ነው። ፍሬውን ስፈለፍል ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

በረከቱ

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋ 74 ነው። ወላጅ ያመጣችሁ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጠዋት እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እሷ ከቴሌቪዥን ጋር። ቋንቋው የለም፣ መኪና አትነዳም፣ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራ ጎረቤት የለም። «ጥሩ እስር ቤት ነው ያመጣኸኝ» ትለኝ ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ግን ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። እንቅልፏ ተዛባ፣ ምግብም ቀነሰች።

ጥቅምት ደርሶ ፍሬው መርገፍ ሲጀምር ግን አንድ ቀን ጓሮ ወጣችና ቆማ አየችው። «ይሄ ሁሉ የእግዜር ሲሳይ መሬት ላይ ፈሶ ዝም ትላላችሁ?» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዛ ትወጣለች። ትለቅማለች፣ ታሰጣለች፣ ትሰብራለች። ከአገር ቤት ያመጣችውና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ሰፌድ ሥራ አገኘ። ከአጥር ማዶ ያሉት አሜሪካዊ አዛውንት ሲያይዋት ጊዜ የራሳቸውን መስበሪያ ይዘው መጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር አይግባቡም። ግን በዚያ ሰሞን በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲፈለፍሉ ታገኟቸዋላችሁ። እሳቸው «ማማ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ «ሰውዬው ዛሬ ቀሩ፣ ምን ሆነው ይሆን?» ብላ ትጨነቃለች።

እንደ ሐኪም ይሄን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። ብቸኝነትና ከሰው መነጠል ከልብ በሽታ፣ ከስትሮክና ከመርሳት በሽታ ጋር ተያያዥነት እንዳላቸው ብዙ ጥናት ያሳያል። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪምም በ2023 በዚሁ ጉዳይ ብሔራዊ ማሳሰቢያ አውጥተዋል። እናቴን «በቀን 30 ደቂቃ ተራመጂ» ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ። ሰምታኝ አታውቅም! ለፍሬው ስትል ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ቀና ትላለች። ሥራ ነዋ! ለብዙ ወላጆቻችን «ስፖርት» የሥራ ፈት ነገር ነው፤ ሥራ ስጧቸውና እዩ።

ጥላውን ደግሞ አልረሳም። የዳላስ ሐምሌ 38 ዲግሪ ሲገባ ልጆቼ ውጭ መጫወት የሚችሉት እዚያ ዛፍ ስር ብቻ ነው።

«ቅባት ነው» የሚባለውስ?

እውነት ነው፣ ቅባት ነው። 28 ግራም ፒካን፣ ማለትም ወደ 19 የሚሆኑ ግማሽ ፍሬዎች፣ 20 ግራም ያህል ቅባትና 200 ገደማ ካሎሪ አለው። ግን ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም። የፒካን ቅባት አብዛኛው በወይራ ዘይት ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነው። ከዚህ ሌላ 3 ግራም ገደማ አሰር (ፋይበር) እና ወደዚያው የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም በልኩ ሊበላው ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2003 ፒካንን ጨምሮ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፍሬዎች በቀን 42 ግራም ያህል፣ የጠጣር ቅባት መጠኑ ዝቅተኛ ከሆነ አመጋገብ ጋር ሲበሉ፣ የልብ በሽታን አደጋ ሊቀንሱ ይችላሉ የሚል ጽሑፍ ማሸጊያ ላይ እንዲወጣ ፈቅዷል። «ሊቀንሱ ይችላሉ» ነው ያለው፤ «ይፈውሳሉ» አላለም። ስፔን ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ታዋቂ ጥናትም አለ። በ2013 ታተመ፤ በአሠራሩ ላይ ጥያቄ ስለተነሳበት በ2018 እንደገና ተተንትኖ ወጣ። ውጤቱም በሜዲትራኒያን አመጋገብ ላይ በቀን 30 ግራም ፍሬ የተጨመረላቸው ሰዎች ላይ በተለይ ስትሮክ ቀንሶ መገኘቱን ያሳያል። እዚያ የተሰጠው ዋልነት፣ አልሞንድና ሃዘልነት እንጂ ፒካን አልነበረም፤ ስለዚህ ለፒካን በቀጥታ አልወስድላችሁም።

ልኩ በቀን አንድ እፍኝ ነው። እዚህ ላይ የጓሮው ዛፍ ከሱቁ ይሻላል እላለሁ። ሱቅ የተፈለፈለውን ስትገዙ ፊልም እያያችሁ ግማሽ ከረጢት ሳታውቁት ይገባል። ከነቅርፊቱ ከሆነ ግን አንድ እፍኝ ለመብላት ወደ አሥር ፍሬ መስበር አለባችሁ። እጃችሁ ቀድሞ ይደክማል። ቅርፊቱ ራሱ መስፈሪያ ነው።

አበላሉን በተመለከተ፦ በብስኩትና በኬክ ምትክ ብሉት እንጂ ከነሱ ላይ አትደርቡት። በስኳርና በቅቤ የተጠበሰው ወይም ፓይ የሆነው ሌላ ምግብ ነው። በጾም ወቅት ከገብስና ከሽምብራ ቆሎ ጋር ቢቀላቀል ግሩም ይሆናል፤ እናቴ ያመጣችው ፈጠራ ነው። ግን ይቺን ቆሎ እንግዳ ፊት ከማቅረባችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

መዘዙ አንድ፦ አለርጂ

አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነበርኩ። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ቀረበ። የሰባት ዓመት ልጅ ያላት እናት «ለውዝ አለው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ የዋልነት አለርጂ እንዳለበት ታውቃለች። የቤቱ ባለቤት «ኧረ የለውም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለሳቸው ለውዝ ማለት ኦቾሎኒ ነው፣ ቆሎው ውስጥ ደግሞ ኦቾሎኒ አልነበረም። የነበረው የተከተፈ ፒካን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ልጁ ማሳል ጀመረ። አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ድምፁ ጎረነነ። አንዱ «ውሃ ስጡት፣ ትን ብሎት ነው» ይላል፣ ሌላው «ወተት አጠጡት» ይላል። እናቱ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ኤፒኔፍሪን መርፌዋን ይዛ ነበር። ጭኑ ላይ ወጋችው፣ 911 ተደወለ፣ ሆስፒታል ገብቶ ክትትል ተደረገለት። ዛሬ ደህና ነው። መርፌው ባይኖር ግን ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ማንም ክፉ አልሠራም፤ አንድ ቃል ለሁለት ሰዎች ሁለት ትርጉም ስለነበረው ብቻ አንድ ልጅ ከሞት አፋፍ ደረሰ።

ስለዚህ እነዚህን ያዙ፦

• ዋልነት የማይስማማው ሰው ፒካንም ላይስማማው ይችላል፤ ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ። ኦቾሎኒ ተስማማኝ ማለት ፒካን ይስማማኛል ማለት አይደለም።
• እንግዳ ሲመጣ «ለውዝ» አትበሉ። «ፒካን አለበት»፣ «ኦቾሎኒ አለበት» ብላችሁ በስሙ ተናገሩ። ፈልፍላችሁ ለሰው ስትሰጡም ዕቃው ላይ ጻፉበት።
• ከበሉ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አንዳንዴም ቆይቶ፣ የከንፈር ወይም የምላስ ማበጥ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ ማስታወክ፣ የድምፅ መጎርነን፣ ለመተንፈስ መቸገር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ አደገኛ ሊሆን ይችላል።
• መርፌው ካለ ጭን ላይ፣ በውጪኛው በኩል፣ ወዲያው ይወጋ። ከዚያ 911 ይደወል። የአለርጂ ኪኒን የመርፌውን ቦታ አይተካም። ካልተሻለ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለተኛ ሊወጋ ይችላል። በሽተኛው ይጋደም፤ ለመተንፈስ ከተቸገረ ይቀመጥ፤ ተነስቶ አይራመድ። የተሻለው ቢመስልም ምልክቱ ሊመለስ ስለሚችል ሆስፒታል መሄድ አለበት።
• አገር ቤት ያላችሁ፣ መርፌው እጃችሁ ላይ ባይኖርም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሩጡ። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው።

«አለርጂ የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይሄን አባባል እንተወው። የእኛም ልጆች አለባቸው።

ሌላ ዓይነት አለርጂም አለ። ፒካን በፀደይ፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ፣ ብናኙን በነፋስ ይለቃል። ዓይን ያሳክካል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ አስም ያለበት ይባባስበታል። በዚያ ሰሞን መስኮት መዝጋት፣ ማታ ገላን መታጠብ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የአፍንጫ ስፕሬይ ወይም የአለርጂ ኪኒን ቀደም ብሎ መጀመር ይረዳል። የብናኝ አለርጂ ያለበት ሁሉ ግን ፍሬውን መብላት የለበትም ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ለዩ።

መዘዙ ሁለት፦ ሕፃናትና ትንታ

ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ወይም የተሰባበረ ፍሬ አትስጡ። መንጋጋቸው አልጠነከረም፣ እየሮጡ ይበላሉ፣ የአየር ቧንቧቸው ጠባብ ነው። እንደ ቅቤ ልሞ ከገንፎ ጋር በስሱ የተቀላቀለ ግን ጠጣር ምግብ ለጀመረ ሕፃን ይሆናል። ከባድ የቆዳ ኤግዚማ ወይም ከዚህ በፊት የታየ የምግብ አለርጂ ካለው መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሩ። ትልልቆቻችንም በጥርስ መስበር ይቅርብን! የተሰነጠቀ ጥርስ ማሳከም ከአንድ ኩንታል ፒካን ይበልጣል።

መዘዙ ሦስት፦ መውደቅ

አንድ አባት ክሊኒክ መጥተው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ አገኘሁት። ከመኪና ወርደው ወደ ቤት ሲገቡ መንገዱ ላይ የፈሰሰውን ፍሬ ረግጠው ነው። ክብ ነገር እግር ስር እንደ ኩሽኔታ ይሽከረከራል። በዕድሜ የገፋ፣ በተለይ አጥንቱ የሳሳ ሰው ላይ የዳሌ ስብራት ከደረሰ ደግሞ ሕይወት የሚለውጥ ነገር ነው።

እናቴም አጥንቷ የሳሳ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? «አትውጪ» ብላት አጥንቷን እጠብቅ ይሆናል፤ ሰውየዋን ግን መልሼ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣታለሁ። ስለዚህ ተደራደርን። የምትሄድበት መንገድ መጀመሪያ በመጥረጊያ ይጠረጋል፤ ይሄ የልጆቼ ሥራ ነው። ሸርተት የሚል ነጠላ ጫማ አይደረግም። ጎንበስ ሳትል የምትለቅምበት፣ ጫፉ ላይ የሽቦ ኳስ ያለው ዘንግ ገዛንላት፤ እያንከባለለች ትሰበስብበታለች። ዝናብ በዘነበ ቀንና በነፋስ ጊዜ ዛፉ ስር አይኬድም። መሰላል ደግሞ ለማንም ክልክል ነው። ፍሬው ሲበስል ራሱ ይወርዳል፤ የቸኮለ በረጅም ዘንግ ቅርንጫፉን ያራግፍ። «ጠባቂ ወታደር ሆንክብኝ» ትለኛለች። ትበል!

መዘዙ አራት፦ ነቀዝ፣ ሻጋታና ሌሎች ባለድርሻዎች

ዛፉ የእናንተ ይመስላችኋል እንጂ ባለቤቱ ብዙ ነው። ጭራ ረጃጅሞቹ ስኩዊረሎች ገና ሳይበስል ይጀምሩታል። ቁራው ይከተላል። ክሽክሽ ቅጠሉ ላይ ሰፍሮ እንደ ማር የሚያጣብቅ ጠብታ መኪና ላይ ያዘንባል፤ ባለቤቴ ከዛፉ ጋር የተጣላችው በዚህ ነው። አባጨጓሬው ቅርንጫፉ ላይ ድር ያደራል። ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል። በዚህ ላይ ፒካን አንድ ዓመት ሰጥቶ በሚቀጥለው ይቆጥባል፤ ዘንድሮ አሥር ባልዲ ብላችሁ ለከርሞ አንድ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ከጤና አንጻር ግን ዋናው አመራረጡና አያያዙ ነው፦

• ቅርፊቱ ላይ ክብ ትንሽ ቀዳዳ ያለበት ፍሬ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ይጣል።
• የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የሚመር አይበላ። ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ በበርበሬና በኦቾሎኒ የምናውቀው ማለት ነው። መቁላት አያጠፋውም። «ትንሽ ነው፣ ይታመሳል» አይባልም።
• ቶሎ ቶሎ ልቀሙ፤ እርጥብ መሬት ላይ ሰንብቶ ይበላሻል። ውሻ የሚጸዳዳበት ቦታ የወደቀውን ተዉት። ለቅማችሁ ስትጨርሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
• ከነቅርፊቱ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ወደ ሁለት ሳምንት አድርቁት። የደረቀ ፍሬ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ የሚለመጥ ከሆነ ገና ነው።
• የተፈለፈለውን በታሸገ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ውጭ ከተቀመጠ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፣ የቀለም ዓይነት ሽታም ያመጣል።
• የሻገተ ፒካን ውሻን ያንቀጠቅጣል፤ ከነሱም አርቁት።

ታዲያ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ቤታችን ውስጥ ይሄ ጥያቄ በደንብ ተከራክረንበታል። ባለቤቴ መኪናዋንና ጣሪያውን ትጠቅሳለች፤ እውነቷን ነው። የፒካን ቅርንጫፍ ፍሬ ሲበዛበትና ነፋስ ሲመጣ ሊገነጠል ይችላል። እኛ ያደረግነው ፈቃድ ያለው የዛፍ ባለሙያ ጠርተን ጣሪያውና መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘነበለውን ማስቆረጥ ነው። የሞተ ቅርንጫፍ በየዓመቱ ይታያል። ግንዱ የተቦረቦረ ወይም ወደ ቤት የተጋደመ ከሆነ ግን አትከራከሩ፤ ሕይወት ከፍሬ ይበልጣል። ቤት ውስጥ ከባድ የፍሬ አለርጂ ያለበት ትንሽ ልጅ ካለም ከአለርጂ ሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ጤናማ ዛፍና ጤናማ ቤተሰብ ካላችሁ ግን የኔ ምክር ይቆይ ነው። ዛፉ የጠቀመን በፍሬው ብቻ አይደለም፤ እንድንወጣ፣ እንድንሠራና ከሰው ጋር እንድንቀመጥ ስላስገደደን ጭምር ነው። መዘዙም የሚመጣው ከዚያው ከመልቀሙና ከማካፈሉ ስለሆነ፣ ሥራውን አትከልክሉ፤ መንገዱን ጥረጉ፣ የምታካፍሉትንም በስሙ ጥሩት።

አለርጂ ያለበት ልጅ ያላችሁ ዘመዶችና ጓደኞች ካሉ ይህን ጽሑፍ አካፍሏቸው። በተለይ ድግስ ለሚያዘጋጁ እናቶችና እህቶች እንዲደርስ አድርጉልኝ። ጽሑፉ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ የራሳችሁን ሐኪም ምክር አይተካም።

መልካም ጤና ለሁላችሁም!